ንረቱ ወረደ፣ ዋጋው ግን ወጣ፦ ስለ ለውጥ ምጣኔ

"የዋጋ ንረት ቀነሰ" የሚል ዜና በተነገረ ቁጥር ቴሌቪዥኑ ፊት የሚቆጣ ሰው አይጠፋም። "የት ነው የቀነሰው? ትናንት ሽንኩርት ስገዛ አልሰማሁም!" ይላል። ሌላው ቀበል አድርጎ "እነሱ የሚገበዩበት ገበያ ሌላ ነው" ይላል። ይሳቃል፣ ቻናሉም ይቀየራል።

ዜናው ግን ውሸት ላይሆን ይችላል። የተቆጣውም ሰው ልክ ነው። ሁለቱ የሚያወሩት ስለ ተለያየ ቁጥር ነው። ሰውየው የሚያወራው ስለ ዋጋው ነው። ዜናው የሚያወራው ዋጋው ስለሚጨምርበት ፍጥነት ነው። ይህ ሁለተኛው ቁጥር በሒሳብ የለውጥ ምጣኔ ይባላል። በትምህርት ቤት ብዙዎቻችን 12ኛ ክፍል ላይ ካልኩለስ በሚባል ስም ደርሶብን፣ ፈተናው እንዳለቀ ትተነዋል። ነገር ግን ዜና ለሚሰማ፣ መኪና ለሚነዳ፣ ደመወዙን ለሚቆጥር ሰው ሁሉ ያገለግላል። ለማስላትም መቀነስና ማካፈል መቻል ይበቃል።

መጀመሪያ ዜናውን በቁጥር እንየው። ኢትዮጵያ ውስጥ ዓመታዊው የዋጋ ንረት በግንቦት 2014 ዓ.ም. 37 በመቶ ገደማ ደርሶ ነበር። በሰኔ 2016 ወደ 20 በመቶ ገደማ ወርዷል። ለሒሳቡ እንዲመቸን እነዚህን ቁጥሮች ወስደን የሁለት ተከታታይ ዓመታት ንረት እናድርጋቸው። የወር አስቤዛ 1,000 ብር ነበር እንበል። ንረቱ 37 በመቶ ሲሆን ያው አስቤዛ በዓመቱ 1,370 ብር ይገባል። በሚቀጥለው ዓመት ንረቱ 20 በመቶ ሆነ። አሁን ሃያ በመቶው የሚታሰበው በ1,370 ላይ ነው። ስለዚህ 274 ብር ይጨመርና አስቤዛው 1,644 ብር ይሆናል።

ንረቱ በጣም ወርዷል። ከኪስ የሚወጣው ግን ጨምሯል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ንረቱ ልክ ዜሮ ቢገባ እንኳ አስቤዛው 1,644 ላይ ይቆማል እንጂ ወደ 1,000 አይመለስም። ዋጋው ራሱ እንዲወርድ ንረቱ ከዜሮ በታች መሆን አለበት። ይህ ደግሞ በአንድ ሸቀጥ ላይ፣ ለምሳሌ ቲማቲም በብዛት ሲገባ፣ ይታያል። በአጠቃላይ ገበያው ላይ ግን ብዙም አያጋጥምም። በእኔ አስተያየት ዜና አንባቢዎች "ዋጋ የሚጨምርበት ፍጥነት ቀነሰ" ቢሉ ግማሹ ቁጣ ይበርድ ነበር። ሌላው ግማሽ የሒሳብ ጉዳይ አይደለም።

ሁለት ጊዜ መቀነስ፣ አንድ ጊዜ ማካፈል

የለውጥ ምጣኔ የሚመልሰው ጥያቄ ይህ ነው፦ አንዱ ነገር በአንድ ሲጨምር ሌላው በስንት ይለወጣል? አሠራሩ አጭር ነው። መጨረሻ ላይ ካለው ቁጥር መነሻው ላይ የነበረውን ቀንሱ። መሐል ያለፈውን ጊዜም እንዲሁ አግኙ። ከዚያ የመጀመሪያውን ልዩነት ለሁለተኛው አካፍሉ። አለቀ።

በሕዝብ ቆጠራ እንሞክረው። በጥቅምት 1987 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የኢትዮጵያ ሕዝብ 53.5 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በግንቦት 1999 በተደረገው ደግሞ 73.8 ሚሊዮን ገደማ ሆነ። ልዩነቱ 20.3 ሚሊዮን ሰው ነው። በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል 12 ዓመት ከ7 ወር ገደማ አለ፤ 12.6 ዓመት እንበለው። 20.3ን ለ12.6 ስናካፍል 1.6 ሚሊዮን ይመጣል። የሕዝቡ ቁጥር በአማካይ በዓመት በ1.6 ሚሊዮን ሰው ጨምሯል ማለት ነው። ለ365 ብናካፍለው በቀን 4,400 ሰው ገደማ ይሆናል። የሞተውም የተሰደደውም ተቀንሶ ነው ይህ።

እዚህ ላይ "በዓመት" የምትለዋን ቃል የጣለ ሰው ሁሉን ጣለ። "ሕዝቡ በ1.6 ሚሊዮን ጨመረ" ብሎ የሚያቆም ሰው ምንም አልነገረንም። በዓመት ነው? በወር ነው? በአሥር ዓመት ነው? የለውጥ ምጣኔ ሁልጊዜ ሁለት መስፈሪያ አለው። ሰው በዓመት፣ ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ብር በኪሎ፣ ሜጋባይት በሰከንድ። አንዱ ከጎደለ ቁጥሩ ለወሬ እንጂ ለሥራ አይሆንም።

ያንኑ ለውጥ በመቶኛም መናገር ይቻላል። በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል የነበረው ዕድገት በዓመት 2.6 በመቶ ገደማ ነው። ሁለቱ አነጋገሮች የተለያየ ነገር ያሳያሉ። መቶኛው ባለበት ቢቆም እንኳ በየዓመቱ የሚጨመረው ሰው እየበዛ ይሄዳል፤ ምክንያቱም መነሻው ራሱ እያደገ ነው። የ50 ሚሊዮን 2.6 በመቶ 1.3 ሚሊዮን ነው። የ100 ሚሊዮን 2.6 በመቶ ግን 2.6 ሚሊዮን ነው።

መቶኛ ሲሰላ መነሻው የቱ እንደሆነ ካልታወቀ ጉድ ይፈላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ አንድ ዶላር በባንክ ከ57.50 ብር ገደማ ተነሥቶ በዕለቱ 74.70 ብር ገደማ ገባ። የዚያን ሰሞን "ብር 30 በመቶ ወደቀ" የማይል ሰው አልነበረም። እስቲ እንቁጠረው። ዶላሩ 17.20 ብር ጨመረ። ይህን ለ57.50 ስናካፍል 30 በመቶ ይመጣል። ስለዚህ ዶላር በብር ሲለካ 30 በመቶ ወጣ ማለት ትክክል ነው። ብር ግን 30 በመቶ አልወደቀም። በፊት 57.50 ብር የያዘ ሰው አንድ ዶላር ይገዛ ነበር። አሁን በዚያው ብር የሚያገኘው 57.50 ሲካፈል ለ74.70፣ ማለትም 77 የዶላር ሳንቲም ገደማ ነው። የብር የመግዛት አቅም በዶላር ሲለካ 23 በመቶ ወደቀ። ጉዳዩ አንድ፣ ቁጥሩ ሁለት። ልዩነቱን የፈጠረው የሚካፈልለት መነሻ ነው። ጉዳቱ በዚህ ቀለለ ለማለት አይደለም። 50 በመቶ ጨምሮ ከዚያ 50 በመቶ የቀነሰ ነገር ወደ መነሻው የማይመለሰው ለምን እንደሆነም ከዚሁ ይገባል። መቶ ብር 150 ይሆናል፤ የ150 ግማሽ ግን 75 ነው።

ሰዓት የሌለበት ለውጥ

ለውጥ ሲባል ሐሳባችን ቶሎ ወደ ጊዜ ይሄዳል። የግድ አይደለም። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ እያለ አገሩን ለከፈለ ሕዝብ፣ ከፍታ ሲጨምር ሙቀት እንደሚቀንስ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ይህንኑ በቁጥር ያስቀምጡታል። በአማካይ በየ1,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ሙቀት 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይወርዳል። ይህ የለውጥ ምጣኔ ነው። ከታች የተካፈለው ግን ሰዓት ሳይሆን ከፍታ ነው። እየቀነሰ የሚሄድ ስለሆነ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ይደረግበታል።

አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ። ልዩነቱ 1,150 ሜትር ነው። 1.15ን በ6.5 ስናባዛ 7 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይመጣል። በከፍታው ብቻ ስናሰላ ድሬ ከአዲስ አበባ በዚህን ያህል ትሞቃለች ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ድሬ ከዚህም ታልፋለች። ከፍታ ብቻውን ሁሉን አይወስንም። ግን የሰው ላብ የት እንደሚጀምር ለመገመት ቁጥሩ ጥሩ መነሻ ነው።

አማካይ የሚደብቀው

እስካሁን ያሰላናቸው ሁሉ አማካይ ምጣኔዎች ናቸው። አማካይ ጠቃሚ ነው። ግን መሐል ላይ የሆነውን ሁሉ ይውጠዋል።

በ2008 እ.ኤ.አ. በቤጂንግ ኦሊምፒክ ቀነኒሳ በቀለ 10,000 ሜትሩን በ27 ደቂቃ ከ1.17 ሰከንድ ጨረሰ። በሰከንድ 1,621 ገደማ ነው። አሥር ሺውን ለዚህ ስናካፍል በሰከንድ 6.17 ሜትር ይመጣል። በዙር ስናስበው ደግሞ 25ቱን ዙር እያንዳንዱን በአማካይ በ65 ሰከንድ ገደማ ሮጧል። ውድድሩን ያየ ሰው ግን 65 ሰከንድን አያስታውስም። የሚያስታውሰው ደወሉ ከተደወለ በኋላ የሆነውን ነው። የመጨረሻዋን ዙር የጨረሳት በ53 ሰከንድ ተኩል ገደማ ነው። 400ን ለ53.5 ስናካፍል በሰከንድ 7.5 ሜትር ገደማ ይሆናል። ወርቁ የተወሰነው በዚህች ዙር ነው። አማካዩ ውስጥ ግን አትታይም።

መፍትሔው ግልጽ ነው፤ ርቀቱን ቆራርጦ ማየት። ዩሴን ቦልት በ2009 እ.ኤ.አ. በበርሊን 100 ሜትሩን በ9.58 ሰከንድ ሲሮጥ ሰዓቱ በየ20 ሜትሩ ተይዞለታል። እንዲህ ነበር፦

ከ0 እስከ 20 ሜትር፦ 2.89 ሰከንድ
ከ20 እስከ 40፦ 1.75
ከ40 እስከ 60፦ 1.67
ከ60 እስከ 80፦ 1.61
ከ80 እስከ 100፦ 1.66

አጠቃላይ አማካዩ 100 ሲካፈል ለ9.58 ነው፤ በሰከንድ 10.4 ሜትር። አሁን እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው እናካፍል። የመጀመሪያው 20 ሲካፈል ለ2.89 ነው፤ 6.9 ሜትር በሰከንድ። ከቆመበት ስለተነሣ ቀርፋፋ ነው፤ ለተኩሱ ምላሽ የሰጠባትም ቅጽበት እዚሁ ውስጥ ተቆጥራለች። ቀጥሎ 11.4፣ ከዚያ 12.0፣ ከዚያ 12.4፣ በመጨረሻ 12.0 ይመጣል። ከ60 እስከ 80 ሜትር ባለው ቁራጭ በሰዓት 44.7 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሮጠ ነበር። ከተማ ውስጥ ያለ ታክሲ ይህን ካገኘ ዕድለኛ ነው።

መጨረሻዋን ቁራጭ ልብ በሉ። ቦልት በመጨረሻዎቹ 20 ሜትሮች ፍጥነት ቀንሷል። በዓይን ያየ ሰው "እየበረረ ገባ" ነው የሚለው። ከተከታዩ ከታይሰን ጌይ ጋር የነበረው ልዩነትም እየሰፋ ነበር። ግን ልዩነቱ የሰፋው ቦልት ፍጥነት ስለጨመረ አይደለም። ቀንሶም ከጌይ ይበልጥ ስለነበር ነው።

አማካይ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ጎበዝ ተማሪም ይወድቅበታል። 120 ኪሎ ሜትር ርቃ ያለች ከተማ ድረስ በሰዓት 60 እየነዳችሁ ሄዳችሁ፣ ስትመለሱ ጭጋግ ሆኖ በሰዓት 30 ነዳችሁ እንበል። የጉዞው አማካይ ፍጥነት ስንት ነው? አፍ ላይ ቶሎ የሚመጣው 45 ነው። ትክክለኛው 40 ነው። መሄጃው 2 ሰዓት ወሰደ፣ መመለሻው 4 ሰዓት። ድምር ርቀቱ 240፣ ድምር ሰዓቱ 6። በዝግታ የነዳችሁበት ጊዜ ስለሚበዛ አማካዩን ወደራሱ ይጎትተዋል። ምጣኔዎችን ደምሮ ለሁለት ማካፈል ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ሁልጊዜ ወደ ጠቅላላው ለውጥና ወደ ጠቅላላው ጊዜ ተመለሱ።

ቅጽበቷን መያዝ

20 ሜትሩን ወደ 10፣ ከዚያ ወደ 1፣ ከዚያ ወደ አንድ ሴንቲሜትር ብንቆርጠውስ? ምጣኔው ከቅጽበቱ እውነተኛ ፍጥነት ጋር እየተቀራረበ ይሄዳል። ጥያቄው እዚህ ላይ ይከብዳል። አንዲት ቅጽበት ላይ ብቻ ፍጥነት ስንት ነው? በቅጽበቷ ውስጥ ያለፈው ጊዜ ዜሮ ነው። የተኬደውም ርቀት ዜሮ ነው። ዜሮን ለዜሮ ማካፈል ደግሞ አይቻልም።

ይህን ቋጠሮ የፈቱት በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው አይዛክ ኒውተንና ጀርመናዊው ጎትፍሪድ ላይብኒዝ ናቸው። እየብቻቸው ነው የደረሱበት። ኋላ ላይ "እኔ ቀደምኩ" በሚል ደጋፊዎቻቸው ሳይቀሩ ተነካክሰዋል። ዘዴው እንዲህ ነው፤ ዜሮ ላይ አትድረሱ፣ ወደ ዜሮ ተጠጉና መልሱ ወዴት እንደሚያመራ እዩ።

በድንጋይ እንሞክረው። ከገደል የተለቀቀ ድንጋይ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች የሚወርደው ርቀት በሜትር 5 ሲባዛ በጊዜው፣ እንደገና ሲባዛ በጊዜው ነው። ትክክለኛው ቁጥር 4.9 ነው፤ ለጣታችን እንዲመች 5 አደረግነው። የአየሩንም ሰበቃ እንርሳው። በ1 ሰከንድ 5 ሜትር ወረደ። በ2 ሰከንድ 20 ሜትር። በ3 ሰከንድ 45 ሜትር፤ ጢስ ዓባይ ፏፏቴን የሚያህል ከፍታ ነው።

ልክ 2ኛው ሰከንድ ላይ ድንጋዩ በምን ፍጥነት እየወረደ ነው? ከ2 እስከ 3 ሰከንድ ካየን 25 ሜትር ወርዷል። አማካዩ በሰከንድ 25 ነው። ይህ ግን ይበዛል፤ ድንጋዩ በዚያ ሰከንድ ውስጥ እየፈጠነ ሄዷልና። ከ2 እስከ 2.1 እንየው። በ2.1 ሰከንድ 22.05 ሜትር ላይ ነው። 2.05 ለ0.1 ሲካፈል 20.5 ይመጣል። ከ2 እስከ 2.01 ብናይ 20.05 ይመጣል። ከ2 እስከ 2.001 ብናይ 20.005። ቁጥሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። 20 ነው።

"ቁጥሮቹ ስለመሰሉ ብቻ ነው ወይ?" የሚል ተጠራጣሪ ካለ ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ስለዚህ በደንብ እናድርገው። ትንሿን የጊዜ ጭማሪ ጭ እንበላት። በ2 + ጭ ሰከንድ ድንጋዩ የደረሰበት ርቀት 5 ሲባዛ በ(2 + ጭ) ሲባዛ በ(2 + ጭ) ነው። ቅንፉ ሲፈታ 20 + 20ጭ + 5ጭ² ይሆናል። በ2 ሰከንድ የነበረውን 20 እንቀንስ፤ 20ጭ + 5ጭ² ይቀራል። ለጭ እናካፍል፤ 20 + 5ጭ ይሆናል። አሁን ጭ የፈለገችውን ያህል ትነስ። 5ጭ አብራት ትሟሟለች፣ 20 ግን ንቅንቅ አይልም። በ2ኛው ሰከንድ ላይ የድንጋዩ ፍጥነት በሰከንድ 20 ሜትር ነው፤ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር።

ይህ ቁጥር ደሪቬቲቭ ይባላል። በ2 ፈንታ ማንኛውንም ጊዜ ብታስገቡ መልሱ 10 ሲባዛ በጊዜው ይሆናል። በ3ኛው ሰከንድ 30 ሜትር በሰከንድ ነው፤ በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር። ተማሪ ሳለን "ፓወሩን አውርደህ አባዛ፣ ከፓወሩ ላይ አንድ ቀንስ" እያልን የሸመደድነው ሕግ ከዚህ የወጣ ነው። የጊዜ² ደሪቬቲቭ 2 ሲባዛ በጊዜ ነው፣ የጊዜ³ ደግሞ 3 ሲባዛ በጊዜ² ነው። መሸምደዱ ባልከፋ፤ የከፋው ከየት እንደመጣ ሳያዩ መሸምደዱ ነው።

መጠራጠርን ካነሣን፣ በ1734 እ.ኤ.አ. የአየርላንዱ ጳጳስ ጆርጅ በርክሊ በዚህች "ጭ" ላይ ክፉኛ ተሳልቆባት ነበር። ስታካፍሉባት አለች ትላላችሁ፣ ስትጨርሱ የለችም ትላላችሁ፣ ታዲያ ምንድን ናት? የሞቱ መጠኖች መናፍስት ናት ወይ? ሲል ጠየቀ። ሂሳቡ ይሠራ ነበር፣ ለጳጳሱ ጥያቄ ግን ቁርጥ ያለ መልስ አልነበረም። የሒሳብ ሊቃውንት "ሊሚት" (መልሱ እየተጠጋው የሚሄደው ቁጥር) የሚለውን ሐሳብ በጠበቀ መሠረት ላይ አስቀምጠው መልስ እስኪሰጡት ከመቶ ዓመት በላይ ወስዶባቸዋል። ስለዚህ ክፍል ውስጥ ይህች ነገር ግራ የገባችው ተማሪ አይፈርበት።

በግራፍ ላይ ነገሩ ሁሉ በዓይን ይታያል። የለውጥ ምጣኔ ማለት የመስመሩ ተዳፋት ነው። መስመሩ ቀጥ ብሎ ሽቅብ ከወጣ ምጣኔው ትልቅ ነው። ጋደም ካለ ትንሽ ነው። ቁልቁል ከወረደ ከዜሮ በታች ነው። አናት ላይ ደርሶ ሊዞር ሲል ለቅጽበት ዜሮ ይሆናል።

የለውጡ ለውጥ

የድንጋዩ ፍጥነት ራሱ ይለወጣል። በ1ኛው ሰከንድ 10፣ በ2ኛው 20፣ በ3ኛው 30። በየሰከንዱ በ10 ይጨምራል። ይህ የምጣኔው ምጣኔ ነው፤ ፍጥነቱ ራሱ የሚለወጥበት ምጣኔ። ከዚያ በላይም መውጣት ይቻላል።

ፖለቲከኞችም ይወጣሉ። በ1972 እ.ኤ.አ. መጸው ላይ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን የዋጋ ንረቱ የሚጨምርበት ፍጥነት እየቀነሰ ነው ብለው ተናገሩ። እስቲ ቀስ ብለን እንፍታው። ዋጋ አለ። ንረት የዋጋው ለውጥ ምጣኔ ነው። ንረቱ የሚጨምርበት ፍጥነት የምጣኔው ምጣኔ ነው። እሱ እየቀነሰ ነው ሲባል ሦስተኛ ደረጃ ላይ ደረስን። ከአረፍተ ነገሩ የሚወጣው እውነት ይህ ነው፦ ዋጋ እየጨመረ ነው፣ ንረቱም እየባሰ ነው፣ የሚብሰው ግን ከበፊቱ ቀስ እያለ ነው። ሁጎ ሮሲ የተባለ የሒሳብ ሊቅ በ1996 እ.ኤ.አ. ነገሩን አንሥቶ፣ በሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት ዳግም ለመመረጥ ሦስተኛ ደሪቬቲቭ ሲጠቀም ይህ የመጀመሪያው ነው ብሎ ቀልዷል። ኒክሰን በዚያ ዓመት በሰፊ ልዩነት ተመርጠዋል።

ካሜራ የማያየው ፍጥነት

አማካዩንና የቅጽበቱን ምጣኔ የሚያገናኝ ሕግ አለ። ስሙ (ሚን ቫልዩ ቲዎረም) ያስፈራል፣ ነገሩ ግን ለሾፌር ሁሉ የሚገባ ነው። የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ መኪና መግቢያው ላይ ልክ 3 ሰዓት ተመዘገበ፣ መውጫው ላይ 3 ሰዓት ከ40 ደርሷል እንበል። 85 ኪሎ ሜትር በ40 ደቂቃ ማለት በሰዓት 127.5 ኪሎ ሜትር ነው። የተፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት 120 ከሆነ፣ ሾፌሩ "ከ120 አላለፍኩም" ብሎ ቢምል ማንም አያምነውም። መንገዱን ሁሉ በ120 ወይም ከዚያ በታች የነዳ ሰው አማካዩ 127.5 ሊሆን አይችልም። ፍጥነት ድንገት ስለማይዘል ደግሞ፣ ቢያንስ በአንዲት ቅጽበት የመኪናው ፍጥነት ልክ 127.5 ነበር። ማንም ፖሊስ አላየውም፣ ሒሳቡ ግን አየው። በጣሊያን አውራ ጎዳናዎች ላይ ያለው ቱተር የተባለ መቆጣጠሪያ የሚሠራው በዚሁ ነው። ሁለት ቦታ ላይ ሰዓት ይይዛል፣ ያካፍላል፣ ቅጣቱን ይልካል። ካሜራ ሲያዩ ፍሬን መያዝ እዚያ አያዋጣም።

አንዱ ምጣኔ ሌላውን ሲጎትት

ለእኔ የዚህ ትምህርት ጣፋጩ ክፍል ይህ ነው። ሁለት ነገሮች ተያይዘው ሲለወጡ የአንዱን ምጣኔ ካወቅን የሌላውን እናገኛለን።

የሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ሙሉ ሲሆን 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውኃ ይይዛል። የውኃው ወለል ያኔ ከባሕር ጠለል በላይ 640 ሜትር ላይ ይሆናል፤ ስፋቱም 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ። በሙሌቱ ዓመታት "ዛሬ ውኃው በስንት ሜትር ጨመረ?" የሚል ጥያቄ ከየአቅጣጫው ይነሣ ነበር። ብዙ ሰው የሚገባው ውኃ እኩል ከሆነ ከፍታውም በየቀኑ እኩል የሚጨምር ይመስለዋል። አይደለም። ሸለቆው ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ይሰፋል።

ቁጥር እናስገባ። የሚወጣውና የሚተነው ተቀንሶ በሰከንድ 1,000 ሜትር ኪዩብ ውኃ ሐይቁ ውስጥ ይቀራል ብለን እናስብ። አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ አለው። ስለዚህ በቀን 86.4 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ይገባል። ሐይቁ ገና ትንሽ ሳለ ስፋቱ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 200 ሚሊዮን ካሬ ሜትር ነበር ብንል፣ 86.4 ለ200 ሲካፈል 0.43 ሜትር ይመጣል። በቀን 43 ሴንቲሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ዳር የቆመ ሰው በዓይኑ ያየዋል። ሐይቁ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሞላ ግን ያው 86.4 ሚሊዮን የሚካፈለው ለ1,874 ሚሊዮን ነው። መልሱ 0.046 ሜትር ነው። በቀን 4.6 ሴንቲሜትር።

የገባው ውኃ አልተለወጠም። የከፍታው ምጣኔ ግን ወደ አንድ ዘጠነኛ ገደማ ወረደ። ሕጉ በአንድ መስመር ይጻፋል፤ የከፍታው ለውጥ በቀን ማለት በቀን የሚጠራቀመው ውኃ ሲካፈል ለሐይቁ ስፋት ነው። ወደ ኋላም ይሠራል። የውኃው ከፍታ በአንድ ቀን ውስጥ ስንት እንደጨመረ በሳተላይት የለካ ሰው፣ የሐይቁን ስፋት ካወቀ፣ ግድቡ ጋ ሳይደርስ በዚያን ቀን ምን ያህል ውኃ እንደተጠራቀመ ማስላት ይችላል። ሐይቁ ሙሉ ሊሆን ሲል አንድ ሜትር ከፍ አለ ከተባለ፣ 1.87 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ገደማ ገብቷል ማለት ነው።